ሦስተኛው ላማ

«ተነስ! ዋፍል፣ ተነስ ነው የምልህ!»

ማርኒ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ኋላ ተወጠረች። ጫማዋ ጠጠሩ ላይ አዳለጣትና በመቀመጫዋ ዘጭ አለች። ዋፍል ግን ንቅንቅ አላለም። አራት እግሩን ከሆዱ ሥር አጣጥፎ፣ ረጅም አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ መንገዱ መሃል ተደላድሎ ተኝቷል። ጀርባው ላይ ያለው ጭነት ከነኮርቻው ሃምሳ ፓውንድ ቢሆን ነው። ከቤት ከወጡ ደግሞ ገና ሩብ ሰዓታቸው ነው።

«ሙድ እየያዝክብኝ ነው አይደል? ከነገ ወዲያ እኮ ነው የምንሄደው!»

«እምምም» አለ ዋፍል። ላማ፣ ይህ ጠጉራም የግመል ዘመድ፣ ሲያንጎራጉር እንዲህ ነው፤ ቢደብረውም እምምም፣ ደስ ቢለውም እምምም።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ዓርብ ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት የኤልክ አደን ይከፈታል። ማርኒ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ለዚያ ተራራ በሚወጣው የአደን ፈቃድ ዕጣ ስሟን ሦስት ዓመት ሙሉ አስገብታ፣ ዘንድሮ ገና ወጣላት። ኤልክ ፈረስ የሚያክል አጋዘን ነው። መትቶ መጣሉ አንድ ነገር ሆኖ፣ ሥጋውን ስድስት ማይል ተሸክሞ ማውጣቱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ለእሱም ሦስት ላማ ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ዋፍል እንዲሆን የፈለገችው ራሷ ማርኒ ናት። ዋፍል ደግሞ ይኸው፣ ተኝቷል።

ጎተተችው። ለመነችው። ከኋላው ዞራ በትከሻዋ ገፋችው። ሰደበችውም፤ እናቷ ብትሰማ ጉድ የሚያፈላ ስድብ ነበር። በመጨረሻ፣ በጋውን ሙሉ ስታደርገው እንደቆየችው፣ የጭነቱን ቀበቶ ፈታች፤ ሁለቱን ከረጢቶች አወረደችለትና አንገቱን አቀፈችው።

«እሺ በቃ፣ አሸነፍክ። ደስ ይበልህ።»

ከኪሷ አንድ እፍኝ አጃ አውጥታ ሰጠችው። ዋፍል አጃውን ከመዳፏ ላይ ጠራርጎ በላና ወዲያው ተነስቶ ቆመ። ፊቱንም ወደ ቤት አዞረ። ከረጢቶቹን ተሸክማ የተመለሰችው ማርኒ ናት። ላማ እየመሩ የላማውን ጭነት መሸከም! አንጀቷ አረረ።

ወጥ ቤት ስትገባ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ካላንደር ፊት ለፊቷ ነበር። አባቷ ክሌይ የለጠፈው ነው። አራት ላማ፣ አራት መስመር፤ በየቀኑ የትኛው ላማ ከነጭነቱ ስንት ማይል እንደሄደ ይጻፍበታል። የባንጆ፣ የኖርማንና የሸሪፍ ቁጥሮች እውነት ናቸው። ማርኒ አረንጓዴውን እስክሪብቶ አነሳችና በዋፍል መስመር ላይ «6» ብላ ጻፈች። ለምዳዋለች።

መዋሸት የጀመረችው በሰኔ ነው። በሰኔ አባቷ «ዋፍል አራት ዓመት ሞላው» አላት። «ከእንግዲህ ሙሉ ጭነት ይችላል። ዘንድሮ ወይ ይሠራል፣ ወይ ይሸጣል። ኅዳር ላይ ካላንደሩን አይተን እንወስናለን። በረዶው ሲገባ ለአራት ላማ የሚበቃ ድርቆሽ የለኝም።» ዋና መንገዱ ዳር ሕፃናት የሚዳብሷቸውን እንስሳት የምታኖር ሴትዮ አለች፤ ዋፍልን ባየችው ቁጥር «መቼ ነው የምትሰጡኝ?» ትላለች። ማርኒ ሴትዮዋን አይኗን ማየት አትፈልግም።

ዋፍልን በጡጦ ያሳደገችው እሷ ናት። እናቱ ሞታበት፣ እግሩ ሳይጠና፣ ከሦስቱ ትልልቅ ላማዎች ጋር በምርቃት የመጣ ነው። ያኔ ማርኒ አሥር ዓመቷ ነበር፤ አባቷ አልጋ ላይ ነበር፤ እናቷ ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሥራ ትሯሯጥ ነበር። በዚያ ዝም ባለ ቤት ውስጥ እምምም የሚላት ዋፍል ብቻ ነበር። እንዴት ብላ ትስጠው?

«የገና ሥዕል ግመሎችሽ እንዴት ዋሉ?»

አያቷ ኦርቪል ናቸው። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ከበረንዳው ገብተው ወንበር ሳቡ፤ ከዚያ የትናንቱን የፖም ፓይ ወደ ራሳቸው ጎተቱት።

«ላማ ነው የሚባሉት፣ አያቴ።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ በበቅሎ ያደኑ ሰው ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ግን ከበቅሎዎቻቸው አንዷ ገደል አፋፍ ላይ አዳልጧት ከነጭነቷ አባቷ ላይ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ከሠላሳ ፓውንድ በላይ እንዳያነሳ ከለከለው። የበቅሎ ጭነት በአንድ ወገን ሰባ አምስት ፓውንድ ነው፤ ያውም እስከ ትከሻ ተነስቶ የሚጫን። የላማ ግን ሠላሳ ነው፤ ከወገብም አያልፍም። ስለዚህ አባቷ በቅሎዎቹን ሸጦ ላማ ገዛ። አያቷ ያን ጊዜ ወር ሙሉ ደጃፋቸውን አልረገጡም። አሁንም ቢሆን አፋቸው አላረፈም፤ ላማዎቹ እስከዛሬ የተሸከሙት ድንኳን እንጂ የኤልክ ሥጋ እንዳልሆነ ባገኙት አጋጣሚ ሁሉ ያነሳሉ።

አባቷ ከሥራ ሲገባ አንድ እጁን ወገቡ ላይ እንደደገፈ ካላንደሩ ፊት ቆመ።

«ባንጆና ኖርማን አያጠያይቁም» አለ። «ሦስተኛው ማን ይሁን? ሸሪፍ ወይስ ዋፍል?»

ሸሪፍ ሰው ሲጠጋው አይወድም። ኮርቻ ሲጫንበት ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኝቶ ይተፋል፤ የሚተፋውም ከሆዱ አውጥቶ ነው፣ አረንጓዴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከልብስ የማይለቅ ሽታ ያለው። መንገድ ከጀመረ ግን ቆሞ አያውቅም።

«እኔ ሸሪፍን ነበር ያሰብኩት» አለ አባቷ። «ግን ዋፍልም ስድስት ማይል ደርሷል። በጋውን ሙሉ እኔ ሱቅ ነበርኩ፤ ያለማመድሻቸው አንቺ ነሽ። አንቺ ምረጪ።»

«እኛ በቅሎ ስንመርጥ፣ ኪሳችንን እያየ የሚከተለንን ቤት ነበር የምንተወው» አሉ አያቷ ፓዩን እየጎረሱ። «ያ ዋፍልሽ ደግሞ ከኪስሽ ሌላ የሚያየው ነገር የለም።»

ማርኒ ደሟ ፈላ። ሁሌ እንዲህ ናቸው፤ አንድም ቀን አብረዋት ሳይሄዱ ያውቃሉ። ይበልጥ ያናደዳት ደግሞ እውነታቸውን መሆኑ ነው።

«ዋፍል ነው የሚሄደው» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ አባቷ።

«ካላንደሩን አየኸው አይደል?»

ዓርብ ትምህርት የለም። አደን ሲከፈት ትምህርት ቤቱ ዘግቶ ነው የሚውለው፤ ቢከፍትም ከአስተማሪዎቹ በቀር የሚመጣ አይኖርም። ከሰዓት በኋላ ፒክአፑና ተጎታቹ ጠጠሩን እያንኮሻኮሹ መኪና የሚቆምበት የመጨረሻው ሜዳ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ብቻ ነው።

ላማዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ማርኒና አባቷ ከረጢቶቹን በእጅ ሚዛን እያንጠለጠሉ መዘኑ፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ኮርቻው ይዞርና ጀርባ ይልጣል። አባቷ በራሱ እጅ እያነሳ ሲጭን ፊቱ በርቶ ነበር። እንዲህ ሲያፏጭ ማርኒ ከሰማችው ቆይታለች።

«አየሽ? ማንም ሳይረዳኝ» አለ።

አየች። ቶሎ ብላም የዋፍልን ቀበቶ ማጥበቅ ጀመረች።

አባቷ ባንጆን ይዞ ቀደመ፤ ኖርማን ከባንጆ ኋላ ታስሯል፤ ማርኒ ዋፍልን ይዛ ተከተለች። ዋፍል ሄደ። ሩብ ማይል፣ ግማሽ ማይል፣ ከዚያም አለፈ። ከፊቱ ሁለት ላማዎች ስላሉ ይሆን? ማርኒ ወደ ኋላ ማየት ፈራች፤ ካየችው የሚያስታውስ መሰላት። «በቃ ሊሳካልን ነው» አለች በልቧ። «ዛሬ እውነት ይሆንና ማንም ሳያውቅ ያልቃል።»

ድንገት ባንጆ ቆመ። ሁለት ጆሮዎቹን አቁሞ፣ አንገቱን መዝዞ፣ ከማዶው ተዳፋት ላይ ዓይኑን ተከለ።

«እሱ የሚያየውን እይ» አለ አባቷ በሹክሹክታ፤ የርቀት መነጽሩን አቀበላት።

ቢጫ ቅጠል ካላቸው ዛፎች በላይ ሰባት ስምንት ቡናማ ነጥቦች ሣር ይግጣሉ። ከእነሱ ራቅ ብሎ አንድ ወንድ ቆሟል፤ ቀንዱ ሁለት ቅርንጫፍ የተሸከመ ያህል ነው። ማርኒ መነጽሩን ከዓይኗ ማውረድ አቃታት።

«ነገ ጠዋት» አለ አባቷ። «ነገ ጠዋት እዚያው ካሉ፣ ያንቺ ነው።»

መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ጋ ሲደርሱ አንድ ማይል የሚለውን የእንጨት ምልክት ገና ማለፋቸው ነበር። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም። ባንጆ ተሻገረ፤ ኖርማን ተሻገረ። ዋፍል ውሃውን አየ፣ ማርኒን አየ፣ የፊት ጉልበቶቹን አጠፈና ተኛ።

«አይ!» አለች ማርኒ። «አይ፣ አይ፣ አይ! አሁን አይደለም! ዋፍል!»

ጎተተችው። ከማዶ አባቷ ዞሮ አየና ሁለቱን ላማዎች ዛፍ ላይ አስሮ ተመልሶ ተሻገረ። ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ በወገቡ ሳይሆን በጉልበቱ፣ ዋፍል ጎን ተንበረከከ። እግሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ኮቴው ሥር ጠጠር እንዳለ ፈለገ። ድዱን ገልጦ አየ፤ ጆሮውን በሆዱ ላይ አድርጎ አዳመጠ።

«ረቡዕ ስድስት ማይል ሄዶ ዛሬ በአንድ ማይል አይተኛም» አለ። ግንባሩ ተጨማዷል። «አሞታል ይሄ ልጅ። ምን በልቶ ይሆን? ማርኒ፣ ከትናንት ወዲያ ስትሄዱ የተለየ ነገር አይተሽበታል?»

ማርኒ ዋፍልን አየችው። አሞታል። እንዴት ሳታስበው! «አዎ» ብትል አለቀ፤ ዋፍል የታመመ ላማ እንጂ የማይረባ ላማ አይሆንም። ካላንደሩ ላይ ያለው ሁሉ እንደተጻፈ ይኖራል።

«እኔንጃ» አለች።

«አናስቸግረው በቃ። ጭነቱን ለሁለት እንካፈለውና ባዶውን ይከተለን፤ ካልተሻለው ለሐኪም እንደውላለን።» አባቷ አንዱን ከረጢት ፈታና ማንጠልጠያውን በትከሻው ላይ ጣለው። ከመንበርከኩ ሊነሳ ሲል ግማሽ ላይ ቀረ። ፊቱ ነጣ። እጁ የሚይዘው ነገር ፈልጎ የዋፍልን አንገት ጨበጠ።

«አባዬ አውርደው!»

«ምንም አይደለም፣ አንዴ ቆይ…»

«አውርደው ስልህ! አልታመመም! ምንም አልሆነም፣ ሰነፍ ነው! አንድም ቀን ስድስት ማይል ሄዶ አያውቅም!»

ከረጢቱ ከትከሻው ላይ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። 

«ስንት ነው?» አለ አባቷ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ምኑ?»

«እውነተኛው።»

«ግማሽ ማይል። ብዙ ጊዜ ግማሽም አይሞላም።»

«የሌሎቹስ?»

«የሌሎቹ እውነት ነው። እናቴ ትሙት፣ የሌሎቹ በሙሉ እውነት ነው።»

አባቷ ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ብርቱካናማውን ቆብ አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው፤ ወደ ማዶው ተዳፋት ሲያይ ቆየ።

«ነገ ብትመቺው፣ ከዚህ አምስት ማይል ርቀን፣ ሥጋው ጀርባው ላይ ሆኖ ቢተኛ ምን ልናደርግ ነበር? እ? ጥለነው እንሄድ ነበር? እንዲበሰብስ?»

 ሥጋ ጥሎ መምጣት እዚህ አገር ስም የሚያስጠፋ ነገር ነው፤ ሕጉም አያልፈውም። ያ ሁሉ እንዳይሆን ደግሞ አባቷ ራሱ ይሸከመው ነበር። ይሄ ከአፉ ባይወጣም አወቀችው፤ ዕንባዋ መጣ፤ ማልቀሷም ይበልጥ አናደዳት።

«ሸሪፍን ማምጣት አለብን» አለ በመጨረሻ። «እኔ ሄጄ ብመለስ ይመሻል። የሚያመጣልን አንድ ሰው ነው።»

ሁለቱም ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

«እኔ አልደውልለትም» አለ አባቷ እየተነሳ። «የመረጥሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደውዪ። እኔ ሁለቱን ይዤ ቀድሜ ድንኳን ልትከል፤ የምናድርበት ሜዳ ከዚህ ሩቅ አይደለም። አንቺ ይሄን መኪናው ድረስ መልሺና ሸሪፍን ይዘሽ ነይ።»

«ጭነቱን ላውርድለት?»

«ላማው ያንቺ ነው» አለና ተሻገረ። ዞሮ አላያትም።

ስልክ የሚሠራው ከመንገዱ በላይ ያለው ድንጋይ ላይ ሲወጡ ነው። ማርኒ ዋፍልን ዛፍ ላይ አስራ፣ እየቧጠጠች ወጣች።

«ተኛ?» አሉ አያቷ፣ ሄሎ እንኳ ሳይሉ።

«ተኛ።»

አያቷ ሳቁ። ሲስቁ ሲስቁ ሳል አቋረጣቸው። ማርኒ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ጠበቀች፤ ጥርሷን ነክሳ።

«ጨረሱ?»

«ጨረስኩ፣ ጨረስኩ። የቱን ላምጣ? ያን ተፊውን እንዳትይኝ ብቻ።»

«ሸሪፍን።»

«ወይ ባርኔጣዬ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «አባትሽስ? ተሸከመ እንዴ?»

«አንዱን ሊያነሳ ሞክሮ ነበር። አስቆምኩት።»

 ከዚያ የወንበር መሳብ ድምፅ ተሰማ። «እየመጣሁ ነው» ብለው ዘጉት።

ማርኒ ወርዳ ዋፍል ፊት ቆመች። ለመሄድ ጭነቱ መውረድ አለበት፤ ሌላ መንገድ አይታያትም። የወደቀውን ከረጢት ራሷ ልትሸከም ትችላለች፣ ሌላውንም እንዲሁ። ከረቡዕ በምን ይለያል? ጎንበስ ብላ የቀበቶውን ዘለበት ያዘች።

ጠቅ ሲል የዋፍል ጆሮዎች ቆሙ። አንገቱን አሰገገና በቀጥታ የቀኝ ኪሷን አየ። ሊነሳም እግሩን አላወሰ።

ማርኒ እጇ ዘለበቱ ላይ እንዳለ ቀረች።

ይተኛል። ጭነቱ ይወርዳል። ይታቀፋል። አጃ ይበላል። በጋውን ሙሉ፣ ያለ ማጓደል፣ በየቀኑ። እሷ ጭነት የምታለማምደው መስሏት ነበር፤ እሱ የለመደው ግን መተኛትን ነው። በደንብ አድርጎ ለምዶታል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰነፍ፣ ሼም የሌለው፣ እያለች የምትሰድበው፣ ያስተማረችውን ቁጭ አድርጎ ስለመለሰላት ነው።

«ወይኔ» አለች። «ወይኔ ዋፍል።»

ልታቅፈው ፈለገች። በጣም ፈለገች። አላቀፈችውም። የፈታችውን ዘለበት መልሳ ቆለፈች፤ አባቷ የጣለውን ከረጢት ካለበት አንስታ ቦታው መለሰች፤ ግራና ቀኙን አስተካክላ ቀበቶውን አጠበቀች። ከዚያ ገመዱን ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እምምም» አለ ዋፍል።

እሷ ወንዙን ታያለች።

ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ወረደች። መቀመጫዋ በረደ። ነገ ሊሆን የነበረውን አሰበች፤ አባቷ እያፏጨ ሲጭን አሰበች። ሁለት አዳኞች ከላይ ሲወርዱ በአጠገባቸው አለፉ፤ አንደኛው «ምነው፣ ነዳጅ አለቀ?» አላት። ሳቁ። ማርኒ ጫማዋን ጫማዋን አየች። ሰዓት አየች፤ ሃያ ደቂቃ። ደግማ አየች፤ ሠላሳ አምስት። ዋፍል አንጎራጎረ፣ አጉረመረመ፣ አፍንጫውን ወደ ጀርባዋ አስጠጋና በኪሷ በኩል ተነፈሰባት። አጃው እዚያው ነው፤ እጇን ወደዚያ አልሰደደችም። አምሳ ደቂቃ ሲሆን በንዴት ድንጋይ አንስታ ወንዙ ውስጥ ወረወረች፤ እሱ ላይ ላለመወርወር ነው።

ከኋላዋ ጠጠር ተንኮሻኮሸ። ገመዱ ላላ፤ ከዚያ ከፍ አለ።

ዋፍል ቆሟል። ምን እንደሚፈልግ የጠፋው መስሎ ዙሪያውን ያያል። ማርኒ ተነስታ ወደ መኪናው መሄድ ጀመረች። ተከተላት። መንገድ ላይ አንዴ የፊት ጉልበቶቹ ሲላሉ ገመዱ ላይ ተሰማት፤ ቆመችና ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ ጉልበቱ ቀና አለ። መኪናው የቆመበት ሜዳ እስኪደርሱ ድረስ ዳግም አልተኛም። መኪናው አጠገብ ከነጭነቱ ሲቆም አጃውን አወጣች፤ እፍኝ ሙሉ፣ ሁሉንም ሰጠችው።

አያቷ በራሳቸው ፒክአፕ፣ የድሮ የበቅሎ ተጎታቻቸውን እየጎተቱ ደርሰው ነበር። የፒክአፑ በር ላይ ተደግፈው በመሐረብ ባርኔጣቸውን ይጠርጋሉ። ባርኔጣው ግማሽ ጎኑ አረንጓዴ ነው። ከእሳቸው ሦስት እርምጃ ርቆ ሸሪፍ ተገትሯል፣ ዓለምን ሁሉ ተቀይሞ።

«አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አሉ።

«ምንም አላልኩም።»

«ከነጭነቱ ነው የመጣው?» ዋፍልን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ከነጭነቱ።»

ጭነቱን ከዋፍል ወደ ሸሪፍ አብረው አዛወሩ። ሸሪፍ ጆሮውን አስተኝቶ ለመትፋት ጉሮሮውን ሲጠርግ ሁለቱም እኩል ጎንበስ አሉ፤ ምራቁ ከላያቸው አልፎ መስታወቱ ላይ አረፈ። አያቷ የመጨረሻውን ቀበቶ እያጠበቁ፣ ሳያዩዋት፣ «ያቺን በቅሎ የመረጥኩለት እኔ ነኝ» አሉ።

ማርኒ እጇ ቆመ።

«እግሯ እንደማይታመን አውቅ ነበር። ሁለቴ አዳልጧት አይቻለሁ። ግን እወዳት ነበር፤ ለአባትሽ ሳልነግረው ጫንኩለት።» ቀበቶውን አንዴ ሳብ አድርገው ሞከሩት። «አንቺ ተናግረሻል። በይ ሂጂ፣ እንዳይመሽብሽ።»

ማርኒ የዋፍልን ገመድ ሰጠቻቸው። ዋፍል ተጎታቹ ውስጥ ሆኖ አንገቱን በፍርግርጉ አውጥቶ አንጎራጎረባት።

«አያቴ፣ ቤት ሲደርሱ ፍሪጁ ላይ ያለውን ካላንደር ያውቁታል አይደል?»

«አውቀዋለሁ።»

«የዋፍልን መስመር ይሰርዙልኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ከሰኔ ጀምሮ።»

«አባትሽ ኅዳር ላይ ያየዋል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

አያቷ ትንሽ አዩዋትና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ማርኒ ሮጣ መስኮቱን መታች። አያቷ መስታወቱን አወረዱ።

«የዛሬዋን የመልስ መንገድ ግን ይጻፉለት» አለች። «አንድ ማይል።»

ከዚያ የሸሪፍን ገመድ አነሳች። ሸሪፍ እሷን አላያትም፤ መንገዱን እያየ ነበር።